ድባቴ ላለባቸው ሰዎች በስልክ የሚገናኝ የሜዲቴሽን ቡድን እንዴት ይጀመራል፣ እንዴትስ ይመራል

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። የምኖረውም የምሠራውም ጅማ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሆነን አንድ ትንሽ ቡድን እንመራለን። ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ለ8 ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ምሽት በኦንላይን ተገናኝተው አብረው ሜዲቴሽን፣ ማለትም ትንፋሽንና ሰውነትን ልብ ብሎ የማስተዋል ልምምድ፣ ያደርጋሉ። ከሕርማታም ከጅሬንም የሚገቡ አሉ። ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከሊሙ የሚገቡም አሉ። "እኛም እንጀምር፣ እንዴት ነው የሚሠራው?" የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። ነርሶችና የጤና መኮንኖች፣ ራሳቸው ከድባቴ ወጥተው ሌላውን ማገዝ የሚፈልጉም አሉ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ድባቴ ሰውን ከሰው ይለያል። የያዘው ሰው ስልክ አያነሳም፤ ቡና ሲጠሩት አይሄድም፤ ቀስ በቀስ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ኦንላይን ደግሞ ለመጥፋት እጅግ ይመቻል። አንድ ቁልፍ መጫን ነው፣ በቃ። ስለዚህ ቡድን ስታቋቁሙ ከሁሉ አስቀድማችሁ የጠፋ ሰው እንዴት እንደሚፈለግ ወስኑ። ሌላውን ሁሉ የምታደራጁት በዚያ ዙሪያ ነው።

ለማን ይጠቅማል?

ይህ ዘዴ ከየት እንደመጣ ማወቅ ለማን እንደሚሆን ለመለየት ይረዳል። ጆን ካባት-ዚን የተባለ አሜሪካዊ በ1979 (እ.ኤ.አ.) በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ታካሚዎች የሜዲቴሽን ሥልጠና ጀመረ። ሥልጠናው በኋላ 8 ሳምንት የሚፈጅ ሆነ። በ1990ዎቹ ዚንደል ሲጋል፣ ማርክ ዊሊያምስና ጆን ቲስዴል የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን ያንን ለድባቴ እንዲሆን አድርገው አዘጋጁት። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የመጀመሪያው ጥናታቸው ድባቴ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ይዟቸው የነበሩ ሰዎችን ለየብቻ ተመልክቷል። የተለመደውን ክትትል ብቻ ካገኙት 66 ከመቶው አገረሸባቸው። ሥልጠናውን በተጨማሪ ከወሰዱት ግን ያገረሸባቸው 37 ከመቶ ነበሩ።

በጥናቱ የገቡት ሰዎች በዚያን ጊዜ ተሽሏቸው የነበሩ ናቸው። ዘዴው የተሠራው በዋናነት ድባቴው ተመልሶ እንዳይመጣ ነው። ለቀላልና ለመካከለኛ ድባቴም ከሌላ ሕክምና ጋር ተዳብሎ ያግዛል። እህል ያቆመ፣ ከአልጋ መነሳት ያቃተው፣ ሞትን የሚያስብ ሰው ግን መጀመሪያ ሐኪም ፊት መቅረብ አለበት። ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማውን ወይም ያለ እንቅልፍ ቀናት አልፈውት ሐሳቡ የሚጋልብበትን ሰው ለብቻው ዝም ብሎ ከሐሳቡ ጋር ማስቀመጥ ሊያባብስበት ይችላል። እሱን ወደ ሕክምና አድርሱት እንጂ ቡድን ውስጥ አታስገቡት።

መድኃኒትን በተመለከተ አንድ ጥብቅ ሕግ አለን። እንደ ፍሉኦክሰቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን ያለ የድባቴ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቡድን ስለገባ አያቆምም። እነዚህ መድኃኒቶች ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈጃሉ፤ ከተሻለ በኋላም ለወራት መቀጠል አለባቸው። ማቆም የፈለገ ካዘዘለት ሐኪም ጋር ይነጋገር። ይህንን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ተናገሩ፤ በሦስተኛው ሳምንት ድገሙት። ትንሽ ሻል ሲል "ድኛለሁ" ማለት የሚመጣው ያኔ ነውና።

ከመጀመራችሁ በፊት ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ለብቻ አውሩ

ሊንክ ልኮ የመጣውን ሁሉ ማስገባት አደገኛ ነው። እኛ ከእያንዳንዱ ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል በስልክ እናወራለን፤ ጅማ ያለውን በአካል እናገኘዋለን። በጤና ተቋማት የተለመደውን የ9 ጥያቄዎች የድባቴ መጠይቅ (PHQ-9) እንጠቀማለን። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። 10ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው በባለሙያ መታየት አለበት። 20ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ነው፤ ቡድኑ ይቆይና ሕክምናው ይቅደም።

ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ነው። ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ይፈራል። "ያላሰበውን አሳስበው ይሆን?" ይላል። አታሳስቡትም። በቀጥታ መጠየቅ ሰውን ወደዚያ አይገፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ የተሸከመውን ያቀልለታል። ድምፃችሁን ሳታሳንሱ፣ ሳትቸኩሉ ጠይቁ፦ "ሕይወቴን ባጠፋ ይሻለኛል ብለው አስበው ያውቃሉ?" መልሱ አዎ ከሆነ አሁንስ፣ በምን መንገድ፣ መቼ ብላችሁ ቀጥሉ። ሐሳቡ እቅድ ከሆነ ሰውየውን ብቻውን አትተዉት። ቤት ውስጥ ያለ የተባይ ማጥፊያ ይውጣ፤ መድኃኒቱን ቤተሰብ ይያዝለት፤ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ጅማ ላላችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።

ሌላው በእኛ አገር ሳይጠየቅ መታለፍ የሌለበት ጫት ነው። ጅማ ላይ ተቀምጦ ስለ ድባቴ እያወሩ ጫትን መዝለል አይቻልም። ከምርቃና በኋላ የሚመጣው መጨፍገግ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ዱካኩ ከድባቴ ጋር ይደባለቃል። ሰውየውን አትገሥጹት፤ መቼና ምን ያህል እንደሚቅም ብቻ ጠይቁት። የሚቅም ሰው ማታ ልምምዱን ሲሞክር ልቡ ይመታል፣ ሐሳቡ ይሮጣል፤ "ለእኔ አይሆንም" ብሎ ይወጣል። ለእሱ የቤት ልምምዱን ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት አድርጉለት።

በዚህ ውይይት መጨረሻ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የሚያምነው አንድ ሰው ስልክ ቁጥር፣ አሁን ያለበት ቦታ በምልክት፣ በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ፈቃዱን ጠይቃችሁ ጻፉ። ማን ጋ እንደሚቀመጥም ንገሩት። ይህ ወረቀት ከሌላችሁ አጋሮ ያለ ሰው ምሽት ላይ አልቅሶ ስልኩን ሲዘጋባችሁ ምንም ማድረግ አትችሉም።

ስልክ፣ ኔትወርክ፣ ሰዓት

ከ8 እስከ 10 ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበዛ የማን ድምፅ እንደጎደለ አታውቁም። መሪዎቹም ሁለት ሁኑ። አንዱ ሲመራ ሌላው ስም እያየ ማን ወጣ፣ ማን ዝም አለ የሚለውን ይከታተላል። ኔትወርክ የመሪውን መስመር ከቆረጠውም ሁለተኛው ያለማቋረጥ ይቀጥላል።

ዙም በነፃው በ40 ደቂቃ ይቋረጣል። ጉግል ሚት ሦስት ሰውና ከዚያ በላይ ከሆነ በነፃ 60 ደቂቃ ይሰጣል። እኛ የምንጠቀመው የቴሌግራም ግሩፕ የድምፅ ጥሪ ነው፤ ሁሉም ሰው ስልክ ላይ አለ፣ ሰዓት አይገድብም፣ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ጥቅሉን ቶሎ አይበላም። ግሩፑ ዝግ ይሁን። እያንዳንዱ አባል ከመግባቱ በፊት በቴሌግራም ቅንብሩ ስልክ ቁጥሩን ማንም እንዳያየው ያድርግ፤ ፎቶውን ያንሳ፤ ከፈለገ በሌላ ስም ይግባ። ጅማ ትልቅ ከተማ ብትሆንም ሰው ከሰው ይተዋወቃል። ሁለት ሰዎች በድምፅ ከተዋወቁ "አጂፕ ጋ ሱቅ ያላት ልጅ አይደለችም?" የሚለው ወሬ በአንድ ቀን ይደርሳል። ስለዚህ መቅዳት ክልክል ነው፤ እዚያ የተሰማ እዚያ ይቀራል። ይህን ሁሉም በድምፁ ቃል ይግባ።

ሰዓት መምረጥ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚጠፋው ግን በእሱ ነው። ለሙስሊም አባሎቻችሁ ከመግሪብና ከኢሻ ጋር እንዳይጋጭ፣ ለክርስቲያኖቹ የቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም እንዳይነካ አድርጉ። ሐሙስ በሕርማታ ገበያ የሚውል ነጋዴ ማታ ደክሞት ነው የሚገባው። እኛ ማክሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ረግተናል። የ8ቱን ሳምንት ዙር ስትጀምሩ ወቅቱንም አስቡ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ለቀማ ስለሆነ ግማሹ ሰው ማሳ ላይ ነው። ክረምት ላይ መብራትም ኔትወርክም ይሄዳል። ከጥር በኋላ ያለው ጊዜ ይመቸናል።

ኔትወርክ እንደሚጠፋ ቀድማችሁ ቁጠሩት። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። አሥር ደቂቃ የሚሆን የተቀዳ ልምምድ ለእያንዳንዱ ሰው ስልክ ላይ ቀድማችሁ አስቀምጡ። መስመር ሲጠፋ በዚያው ሰዓት ሁሉም እሱን ያዳምጣል፤ በማግስቱ በተራ የስልክ ጥሪ ትጠያየቃላችሁ።

ብቻውን የሚሆንበት ክፍል የሌለው ሰው ብዙ ነው። አንዱ አባላችን ባጃጁን ዳር አቁሞ፣ ሸራውን አውርዶ እዚያው ይቀመጣል። አንዷ ጓሮ ቡናው ሥር ትወጣለች። ባለገመድ የጆሮ ማዳመጫ ይኑራቸው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የእናንተ ድምፅ አይሰማም፤ ያኔ ዝናቡን ራሱን አዳምጡ በሏቸው። አዛንም ቅዳሴም የጎረቤት ሙቀጫም እንደዚያው ነው። የሚሰማውን ነገር መስማት ራሱ ልምምድ ነው።

ምሽቱ እንዴት ይሄዳል

በውጭ አገር መደበኛው ስብሰባ 2 ሰዓት ያህል ይቆያል። ስልክ ጆሮ ላይ ይዞ ያን ያህል መቀመጥ ይከብዳል። እኛ አንድ ሰዓት ገደማ አድርገነዋል። መጀመሪያ እያንዳንዱ ስሙን ጠርቶ በአንድ ቃል እንዴት እንዳለ ይናገራል። "ድክም"፣ "ባዶ"፣ "ደህና" ይበቃል። ማብራሪያ አትጠይቁ። ከዚያ አሥር ደቂቃ ልምምድ፣ ከዚያ ወሬ፣ ከዚያ ሌላ አጭር ልምምድ።

እኔ የምጠቀምበት ቃል ይኸው፣ እንዳለ መውሰድ ትችላላችሁ፦

"በሚመቻችሁ ተቀመጡ። ዓይናችሁን መጨፈን የለባችሁም። ከፊታችሁ ወለሉ ላይ አንድ ቦታ ምረጡና ዓይናችሁን እዚያ አሳርፉ። እግራችሁ መሬቱን የነካበትን ቦታ ልብ በሉ። ተረከዙን፣ ጣቶቹን። ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ያለውን ብቻ። ... አሁን የምትተነፍሱትን ልብ በሉ። አታስረዝሙት፣ አታሳጥሩት። ... ሐሳብ ወስዷችሁ ይሆናል። ምንም አይደል። 'ሐሳብ መጣ' በሉና ወደ እግራችሁ ተመለሱ። መቶ ጊዜ ቢወስዳችሁ መቶ ጊዜ መመለስ ነው።"

ከእግር የምጀምረው በምክንያት ነው። ደረቱ የተጨነቀ ሰው ገና ሲጀምር "ትንፋሽህን ተከታተል" ሲባል ይበልጥ ይጨንቀዋል። ዓይን መጨፈንም ክፉ ነገር ያሳለፈን ሰው ወደዚያ ቀን ሊመልሰው ይችላል። "ከከበዳችሁ አቁሙ፤ በክፍሉ ውስጥ የምታዩትን አምስት ነገር ስም ጥሩ" ብላችሁ መውጫውን ቀድማችሁ ስጡ። ዝምታችሁም አይርዘም። በአካል ሲሆን አንድ ደቂቃ ዝም ቢባል ችግር የለውም። በስልክ ግን ሰው መስመር የተቆረጠ ይመስለዋል፤ ያዘነ ሰው ደግሞ ዝምታውን በራሱ ወቀሳ ይሞላዋል። በየሃያ ሰከንዱ አንድ ቃል ጣሉ።

ከልምምዱ በኋላ "ደስ አላችሁ?" አትበሉ። ደስ ያላለው ይህም አቃተኝ ይላል። "ምን አስተዋላችሁ?" በሉ። "እንቅልፍ ወሰደኝ"፣ "ስለ ዕዳዬ ሳስብ ነበር" ሁለቱም ትክክለኛ መልስ ነው። በወሬው ጊዜ ምክር መስጠት ክልክል ነው። እኛ ማጽናናት እንወዳለን፤ "በርታ"፣ "ጠንከር በይ"፣ "ከሰው የተለየ አልደረሰብህም" ለማለት አፋችን የቀረበ ነው። ድባቴ ላለበት ሰው ግን እነዚህ ስንፍናውን እንደመንገር ናቸው። "አይዞሽ፣ ሰምቼሻለሁ" ይበቃል።

በመጀመሪያው ሳምንት በሌሎች አገሮች ዘቢብ በእጅ ይዞ በዝግታ ማየት፣ ማሽተት፣ ማኘክ ይለማመዳሉ። እኛ በአንድ ፍሬ ቡና እናደርገዋለን። ማየትና ማሽተት ብቻ ስለሆነ በረመዳንም በዐቢይ ጾምም ይሆናል። እስከዛሬ ስንት ሺህ ፍሬ ለቅመው፣ አጥበው፣ ቆልተው የኖሩ እናት በመሐል ያለችውን መስመር አሁን ገና አየኋት ሲሉ መስማት ያስደስተኛል።

በሁለተኛው ሳምንት የሚሠራውን ልምምድ ግን አትዝለሉት፤ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። እንዲህ በሉ፦ "ፈረንጅ አራዳ ላይ እየሄዳችሁ ነው። ከማዶ የምታውቁት ሰው መጣ። እጃችሁን አንስታችሁ ሰላም አላችሁት። ሳይመልስ አለፈ። አሁን በልባችሁ ምን አለ?" ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። አንዱ "ምን በደልኩት?" ይላል። አንዷ "ንቆኝ ነው" ትላለች። ሌላው "ሳያየኝ ነው" ይላል። ሰላምታ በእኛ ዘንድ ከባድ ነገር ነው፤ ሳይመለስ ሲቀር ያማል። የተፈጠረው ነገር አንድ ሲሆን ልብ ውስጥ የገባው ግን ስንት ነው። ሰዎቹ እርስ በርስ ሲሰማሙ "እኔ ያሰብኩት ሐሳብ እንጂ የሆነው ነገር አይደለም" የሚለውን ራሳቸው ያገኙታል። እናንተ አትንገሯቸው። ይህ በቡድን ሲሆን ብቻ የሚገኝ ነገር ነው፤ ብቻውን የተቀመጠ ሰው የሚሰማው የራሱን መልስ ብቻ ነው።

ለቤት በቀን ሦስት ጊዜ የሦስት ደቂቃ ልምምድ ስጡ። በመጀመሪያው ደቂቃ አሁን ውስጤ ምን አለ፣ በሁለተኛው ትንፋሽ፣ በሦስተኛው መላ ሰውነት። ከምግብ በፊት ቢያደርጉት አይረሱትም።

ሃይማኖትን የሚጠይቅ ሰው ይመጣል፤ በሐቅ መልሱለት። የልምምዱ ሥር ከቡድሂዝም ነው። በሕክምናው ውስጥ ግን አምልኮም ማንትራም (እየተደጋገመ የሚባል ቃል) የለም፤ ልብ ብሎ ማስተዋል ብቻ ነው። ጸበሉንም፣ ዱዓውንም፣ መድኃኒቱንም አንዱ ከሌላው ሳያጋጭ ይቀጥል። ካልተዋጠለት አታስገድዱት።

ሰው ሲጠፋ

በቡድናችን እያንዳንዱ ሰው ጥንድ አለው። ሳይናገር የቀረ ካለ ጥንዱ በማግስቱ ከረፋዱ በፊት ይደውላል። ለምን ቀረህ አይባልም። አንዲት ወጣት አባላችን ለጥንዷ የምትደውለው እንዲህ ብላ ነው፦ "እትዬ፣ ትናንት ድምፅዎን ስላልሰማሁ ነው። ማውራት ካልፈለጉ ምንም አይደል፣ እኔ ላውራዎት።" እትዬም ብዙ ጊዜ ያዳምጧታል።

ካልተነሳ መልእክት ይላክ፤ ማታም ይደወል። እስከ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ድምፅ ካልተሰማ ጉዳዩ የመሪዎቹ ይሆናል፤ ወረቀቱ ላይ ላለው ሰው ደውሉ። ለዚያ ሰውም ስለ በሽታው ሳታወሩ "ደህንነቷን ፈልገን ነው" ብቻ በሉ። መጀመሪያ ላይ ሞት ያነሳ ሰው ከሆነ ሁለት ቀን አትጠብቁ፤ በዚያው ምሽት ደውሉ። ጅማ ውስጥ ከሆነ በአካል ሂዱ፤ ሩቅ ከሆነ ቅርብ ያለ ሰው ይሂድ።

የተመለሰን ሰው ደግሞ በቡድኑ ፊት ለምን እንደጠፋ እንዲያስረዳ አትጠይቁት። "እንኳን ደህና መጣህ" ብላችሁ ወደ ልምምዱ ግቡ። ሦስት ሳምንት ጠፍቶ የመጣ ሰው የሚፈራው ማብራሪያ መስጠትን ነው፤ እሱ ከቀረለት ሌላ ጊዜም ይመለሳል።

ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ

በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት እያንዳንዱ ሰው ድባቴው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገውን ነገር ይጽፋል። አንዱ ጋ ጢም አለመላጨት ነው። አንዷ ጋ ለእህቷ ስልክ አለመመለስ። አንዱ ጋ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መንቃት። ከጎኑ ያን ምልክት ሲያይ የሚያደርጋቸውን ሁለት ትንንሽ ነገሮችና የሚደውልለትን ሰው ይጽፋል። አንዱ ቅጂ ለራሱ ይሁን፣ አንዱ ለጥንዱ፣ አንዱ ቤት ውስጥ ላለ ሰው፤ ምልክቱን ቀድሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ ቤት ያለው ሰው ነው። ግሩፑን አትዝጉት። በወር አንዴ፣ በዚያው ቀንና በዚያው ሰዓት ተገናኙ፤ መጠይቁን በየሦስት ወሩ ድገሙት፤ 10 የደረሰ ካለ በዚያው ሳምንት ለሕክምና ቀጠሮ አስይዙለት።